የኮርኒስ የውሃ እድፍ፦ ቀለም ከመቀባት በፊት ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ውሃ ያፈሰሰበትን ኮርኒስ እንደገና ለመቀባት ለተዘጋጁ፣ ከቀላሉ ጥያቄ ተነስቶ ወደ አስቸጋሪው።

እድፉ ላይ የኮርኒሱን ቀለም ደርቤ ብቀባበት አይሸፈንም?

ለጊዜው ይሸፈናል፤ ሲደርቅ ተመልሶ ይወጣል። አብዛኛው የኮርኒስ ቀለም በውሃ የሚቀጥን የፕላስቲክ ቀለም ነው። እድፉ ደግሞ ውሃ አሟሙቶ ያመጣው ነገር ስለሆነ አዲሱ ቀለም ውስጥ ያለው ውሃ እንደገና ያሟሟዋል። ቀለሙ ሲደርቅ ውሃው በላይኛው ገጽ በኩል ይተናል፤ እድፉንም እስከዚያ ድረስ ይዞት ይመጣል። ሁለተኛና ሦስተኛ እጅ መደረብ ነገሩን አይለውጠውም፤ እያንዳንዱ እጅ የራሱን ውሃ ይዞ ይመጣልና። አራት አምስት እጅ ተቀብቶም ቢጫው ደብዘዝ ብሎ የሚታይበት ኮርኒስ ብርቅ አይደለም።

መፍትሔው በእድፉና በቀለሙ መካከል ውሃ የማያሟሟው ሽፋን ማስገባት ነው። እድፍ የሚያግድ ፕራይመር የሚባለው ይህ ነው። በጀቱ ጠባብ ከሆነ ከቀለሙ ጥራት ቀንሶ ለፕራይመሩ ማዋል ያዋጣል።

ውሃ ራሱ ቀለም የለውም፤ ቡናማው ከየት መጣ?

ውሃው ከጣሪያ እስከ ኮርኒስ ሲወርድ በመንገዱ ያገኘውን ያጥባል፦ የዓመታት አቧራ፣ የእንጨት ታኒን (ከእንጨት የሚወጣ ቡናማ ማቅለሚያ)፣ የሚስማርና የቆርቆሮ ዝገት፣ በጂፕሰም ቦርድ ወረቀት ውስጥ ያለውን ማቅለሚያ። እርጥቡ ቦታ ከዳር በኩል ፈጥኖ ስለሚደርቅ የሟሟው ነገር ወደ ጠርዙ ይሰበሰባል። ዳሩ ከመሃሉ የሚጠቁረው ለዚህ ነው። አንዱ በሌላው ውስጥ ያለ ብዙ ቀለበት ከታየ ውሃው አንድ ጊዜ ብቻ ሳይሆን እየደረቀ ደጋግሞ ወርዷል ማለት ነው።

በሚስማር ወይም በብሎን ራስ ዙሪያ የሚታይ ብርቱካናማ ነጠብጣብ ግን የዝገት ነው። የብረቱን ራስ በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አንቲረስት ማስነካት ያስፈልጋል፤ አለዚያ ከላይ የተቀባው በውሃ የሚቀጥን ስቱኮና ቀለም ራሱ ብረቱን መልሶ ያዝገዋል።

መፍሰሱ በእርግጥ መቆሙን በምን አውቃለሁ?

የእድፉን ዳር በእርሳስ ከብበው ቀኑን አጠገቡ ይጻፉ። ምንጩ ጣሪያ ከሆነ ቢያንስ ሁለት ሦስት ጠንካራ ዝናብ ይለፍ። ነፋስ ከአንድ አቅጣጫ ሲመጣ ብቻ የሚያፈስ ጣሪያ ስላለ አንድ ካፊያ ማስረጃ አይሆንም። ምንጩ የላይኛው ፎቅ መታጠቢያ ነው ብለው ከጠረጠሩ ሻወሩን ለ15 ደቂቃ ያህል ይክፈቱ፤ ከዚያ የገንዳውን ውሃ በአንዴ ይልቀቁ፤ ከዚያ ሽንት ቤቱን ያውርዱ። ሦስቱን ለየብቻ፣ በመካከላቸው ጊዜ እየሰጡ ነው የሚፈትሹት፤ ሁሉም በአንድ ላይ ከተከፈተ ጥፋቱ የቧንቧው ይሁን የፍሳሽ መውረጃው አይለይም። እድፉ ከእርሳሱ መስመር ካለፈ መቀባቱ ይቆይ።

አንድ የሚያሳስት ነገር አለ፦ ቀዳዳው እድፉ ካለበት ቦታ በላይ ቀጥ ብሎ ላይገኝ ይችላል። ውሃ በማገርና በቧንቧ ላይ ተንሸራቶ ሜትሮች ርቆ ሊንጠባጠብ ይችላል። ኮርኒሱ ውስጥ መግባት ከተቻለ በዝናብ ጊዜ ባትሪ ይዞ የእንጨቱን እርጥብ መስመር ወደ ላይ መከተል ከብዙ ግምት ያድናል።

እድፉ ከዝናብም ከቧንቧም ጋር ካልተያያዘ፣ በተለይ በመታጠቢያ ቤትና በቀዝቃዛ ማዕዘን ላይ ከሆነ፣ ምንጩ የእንፋሎት ጤዛ ሊሆን ይችላል። የዚህ መድኃኒቱ አየር ማስወጫ ነው፤ ፕራይመር ብቻውን አያስቆመውም።

ምን ያህል ጊዜ ይድረቅ?

በእጅ ሲነኩት ደረቅ መሆኑ አይበቃም። አንድ ጊዜ ብቻ የረጠበ ጂፕሰም ቦርድ ጥሩ አየር ካገኘ ከጥቂት ቀናት እስከ አንድ ሳምንት ሊበቃው ይችላል። ወፍራም ልስንና የኮንክሪት ሶሌታ ግን ሳምንታት ይፈልጋሉ። ከኮርኒሱ በላይ የሙቀት መከላከያ ጥጥ ካለ አንስተው ይዩት፤ እርጥብ ጥጥ ውሃውን ይዞ ስለሚቆይ ከላይ እያረጠበ ከታች ይደርቃል ብሎ መጠበቅ ከንቱ ነው።

የእርጥበት መለኪያ ካለ ንጹሑን የኮርኒስ ክፍልና የረጠበውን ለክተው ያወዳድሩ፤ ሁለቱ ንባቦች ሲቀራረቡ ደርቋል። መለኪያ ከሌለ 45 በ45 ሴንቲ ሜትር የሚሆን ጥርት ያለ ፕላስቲክ ዙሪያውን በፕላስተር ጥብቅ አድርገው ይለጥፉና ቢያንስ ለ16 ሰዓት ይተዉት። ከፕላስቲኩ ስር ላብ ከታየ ወይም ቦታው ከጠቆረ ገና ነው። ይህ ዘዴ ለኮንክሪትና ለልስን በደንብ ያገለግላል።

ፕራይመሩ ውሃ የማያሳልፍ በሆነ ቁጥር መድረቁ ይበልጥ ወሳኝ ይሆናል። ውስጥ የቀረ እርጥበት መውጫ ሲያጣ ሽፋኑን እየገፋ ያሳብጠዋል፤ ከዚያ ተልጦ ይወርዳል።

የትኛውን ፕራይመር ልግዛ?

ሦስት ዓይነት አለ፤ የሚለያዩትም በሚቀጥኑበት ነገር ነው።

በሼላክ (ከነፍሳት የሚገኝ ሙጫ) የተሠራው በአልኮል የሚቀጥን ሲሆን እድፍ በማገድ የሚወዳደረው የለም። ከባድ ቡናማ፣ ጥላሸት፣ የሲጋራ ጢስና ሽታ ጭምር ይይዛል። በ20 ደቂቃ ገደማ ሲነኩት ይደርቃል፤ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ሊደረብበት ይችላል። ጉድለቱ ሽታው ኃይለኛ መሆኑ፣ እንደ ውሃ ቀጭን ስለሆነ ከብሩሹ መንጠባጠቡና ሁልጊዜ እርጥበት በማይጠፋበት ክፍል አለመጽናቱ ነው።

በዘይት የተሠራው በተርፔንታይን ወይም በነጭ ስፒሪት ይቀጥናል። ለአብዛኛው የቤት ኮርኒስ በቂ ነው፤ ከሼላክ ይልቅ ለመቀባት ይመቻል፣ ብዙ ጊዜም ዋጋው ይቀላል። አንዳንዱ በአንድ ሁለት ሰዓት፣ ሌላው በአንድ ሌሊት ስለሚደርቅ ጣሳው ላይ የተጻፈውን ማየት ግድ ነው።

ሦስተኛው በውሃ የሚቀጥን ሆኖ «እድፍ ያግዳል» የሚል ጽሑፍ ያለበት ነው። ሽታው ቀላል ነው፤ ብሩሹም በውሃ ይታጠባል። ለደብዛዛ ቢጫ ይሠራል። ለጠቆረ ቀለበት ግን ሁለት እጅ ተቀብቶ፣ በእጆቹ መካከል ረጅም ጊዜ ተሰጥቶት እንኳ ሊያሳልፍ ይችላል። ሽታ የማይችል ሕመምተኛ ወይም ሕፃን ቤት ውስጥ ከሌለ በቀር ለጠቆረ እድፍ ይህን መምረጥ ሥራውን ሁለት ጊዜ መሥራት ነው። ተራ የግድግዳ ፕራይመር ደግሞ የሚሠራው ቀለም እንዲይዝ ለማድረግ እንጂ እድፍ ለማገድ አይደለም፤ ስሙ አንድ ስለሆነ ብቻ አይግዙት።

ፕራይመሩን ባላገኝስ? የዘይት ቀለም ይተካዋል?

በከፊል ይተካዋል። የዘይት ቀለም ውሃ ስለሌለው እድፉን አያሟሟም፤ ስለዚህ ቀለል ያለውን እድፍ ያግዳል። የማያብለጨልጨውን ነጭ ይምረጡ፤ አንድ ሌሊት ሙሉ፣ ቀዝቃዛ ከሆነ ከዚያም በላይ ያድርቁት። የሚያብለጨልጭ ከሆነ ግን የፕላስቲክ ቀለም አይዝበትም፤ ከደረቀ በኋላ በደቃቅ የብርጭቆ ወረቀት ፍቆ አንጸባራቂነቱን መግደል ያስፈልጋል። ይህ ካልተደረገ ቀለሙ በጥፍር ይላጣል።

እድፉን በበረኪና ባጥበው አይበቃም?

በረኪና ቡናማውን ያነጣዋል፤ አንዳንዴ እስኪጠፋ ድረስ። የሟሟው ነገር ግን ቦታውን ስላልለቀቀ ቀለም ሲነካው ሊመለስ ይችላል። እንደ ምትክ ሳይሆን እንደ መጀመሪያ ደረጃ ከታየ ጥቅም አለው፦ አንድ እጅ በረኪና በሦስት እጅ ውሃ አቅጥነው በስፖንጅ ያስነኩ፤ ከ15 ደቂቃ በኋላ በንጹሕ ውሃ ጠርገው ሙሉ በሙሉ ያድርቁ። የጂፕሰም ቦርድን ማርጠብ አያስፈልግም፤ ስፖንጁ ተጨምቆ እርጥበት ብቻ የያዘ ይሁን።

በረኪናን ከአሞኒያ፣ ከአሲድነት ካለው የሽንት ቤት ማጽጃ ወይም ከአልኮል ጋር በፍጹም አይቀላቅሉ፤ የሚወጣው ጋዝ መርዝ ነው። ሥራው ከራስ በላይ ስለሆነ መነጽር ይልበሱ።

ከፕራይመሩ በፊት ኮርኒሱን እንዴት ላዘጋጀው?

አስቀድሞ መብራት። እድፉ አምፖል ወይም የኤሌክትሪክ ሳጥን አጠገብ ከሆነ የክፍሉን ማብሪያ ብቻ ሳይሆን ቆጣሪው ጋ ያለውን ብሬከር ያጥፉ፤ ውሃ ገብቶበት እንደሆነም በባለሙያ ያስፈትሹ።

የተነሳውንና ያበጠውን ቀለም በስፓቱላ ይፋቁ። ጠንካራ ቀለም እስኪያገኙ ድረስ ይሂዱ፤ የሚነሳውን ለማዳን መራራት ትርፍ የለውም፤ የፕራይመሩና የቀለሙ ክብደት ሲጨመርበት ይወርዳል። የተላጠውን ዳር በ120 ቁጥር የብርጭቆ ወረቀት ፍቀው እርከኑን ያጥፉት። የጂፕሰም ቦርዱ ወረቀት ከተቀደደ የተንጠለጠለውን ይቁረጡና ስቱኮ ከመለሰንዎ በፊት በሼላክ ወይም በዘይት ፕራይመር ያትሙት። የተጋለጠ ወረቀት የስቱኮን ውሃ ሲመጥ አረፋ ያወጣል፤ እድፉም ወደ ስቱኮው ይገባል። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ፕራይመር፣ ስቱኮ፣ መፋቅ፣ እንደገና ፕራይመር ይሆናል። ሁለተኛው ፕራይመር ትርፍ ሥራ ይመስላል፤ ነገር ግን ስቱኮ ቀለምን ስለሚመጥ ሳይታተም ከቀረ ቦታው ከሌላው ይለያል።

ቤቱ በጣም አሮጌ ከሆነ፣ በተለይ ኮርኒሱ ላይ ሸካራ ጌጥ የተረጨበት ወይም የሲሚንቶ ሰሌዳ የሚመስል ከሆነ፣ ሳያስመረምሩ አይፋቁ። አስቤስቶስ (ለሳንባ ጎጂ የሆነ የማዕድን ቃጫ) ወይም እርሳስ (ሊድ የሚባለው መርዛማ ብረት) ያለበት ቀለም ሊኖር ይችላል፤ አደገኛውም አቧራው ነው።

ፕራይመሩን እንዴትና ስንት እጅ ልቀባ?

ጣሳውን በደንብ ያማስሉ፤ ሥራውን የሚሠራው ነጩ ነገር ከታች ይዘቅጣል። ከእድፉ ዳር ከ10 እስከ 15 ሴንቲ ሜትር አልፈው ይቀቡ። ይህ ችላ ይባላል፤ በጣም የተከማቸው እድፍ ያለው ጠርዙ ላይ ነው፤ ከሚታየው መስመር ወጣ ብሎም ዓይን የማያየው ይኖራል። ከመሃል ወደ ዳር እየሄዱ ዳሩን ወፍራም ሳያደርጉ እያሳሱ ይጨርሱ፤ እርከን ከቀረ ከላዩ ቀለም ሥር ይታያል። በአንድ ብሩሽ ደጋግመው አያሹት፤ ሼላክ በተለይ ቶሎ ስለሚይዝ መመላለስ ገመድ የመሰለ መስመር ይተዋል።

ለደብዛዛ እድፍ አንድ እጅ፣ ለጠቆረው ሁለት። ሁለተኛው የሚወሰነው በማየት ነው፦ ፕራይመሩ ሲደርቅ ትንሽ ቢጫ ጥላ ካለ ገና አልታገደም። ነጭ ሆኖ ከታየ ደግሞ ቀለሙን ከማፍሰስዎ በፊት እድፉ በጣም በጠቆረበት ቦታ የእጅ መዳፍ የምታክል ቦታ በኮርኒሱ ቀለም ይሞክሩና ሌሊቱን ይተዉት። ጠዋት ንጹሕ ከሆነ ይቀጥሉ። አንድ ሊትር ፕራይመር ከ8 እስከ 10 ካሬ ሜትር ገደማ ስለሚሸፍን ለአንድ ሁለት እድፍ ትንሿ ጣሳ ታስተርፋለች።

መስኮት ይከፈት፤ ምድጃ፣ ሻማና ሲጋራ ይጥፋ። የአልኮልም የተርፔንታይንም ተን በእሳት ይያያዛል። በዘይት ፕራይመር የተነከረ ጨርቅ ተጨምድዶ ከተጣለ ራሱን አሙቆ ሊነድ ስለሚችል ውጭ ዘርግተው ያድርቁት ወይም ውሃ ውስጥ ይዝፈቁት።

የሚረጨው ጣሳ ይሻላል?

ለአንድ ትንሽ እድፍ ይመቻል፤ ብሩሽ ማጠብም የለም። ተራ ጣሳ ወደ ላይ ተገልብጦ ሲረጭ ቶሎ ስለሚቆራረጥ ለኮርኒስ ተብሎ የተሠራውን ይፈልጉ። ከ25 እስከ 30 ሴንቲ ሜትር ርቀው፣ እጅ ሳይቆም፣ በስሱ ሁለት ሦስት ጊዜ ይርጩ። በአንዴ ማርጠብ ያንጠባጥባል። ወለሉንና ዕቃውን ከሚያስቡት በላይ ራቅ ብለው ይሸፍኑ፤ ብናኙ ሰፊ ቦታ ላይ ያርፋል። ለትልቅ እድፍ ብሩሽና ሮለር ይሻላል፤ ሽፋኑ ይወፍራል።

እድፉ ጠፋ፤ አሁን ግን የቀባሁት ቦታ ለብቻው ይታያል። ለምን?

የኮርኒስ ነጭ ቀለም ባለበት ነጭ አይቀርም፤ ከጊዜ ጋር ይቢጫል፣ ጢስና አቧራም ይይዛል። ከዚያው ጣሳ የተረፈ ቀለም ቢቀቡበት እንኳ አዲሱ ከአሮጌው ጋር አይገጥምም። በዚያ ላይ ፕራይመሩ ያለበት ቦታ ቀለሙን እንደሌላው ስለማይመጥ አብለጭልጮ ይታያል።

ስለዚህ ኮርኒሱ ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ሙሉውን ይቀባል። ጨርሶ የማያብለጨልጭ የኮርኒስ ቀለም ይምረጡ፤ ማት የሚባለው ጉድለት ይደብቃል። ጸጉሩ ከ10 እስከ 12 ሚሊ ሜትር የሆነ ሮለር ለለሰለሰ ኮርኒስ ይስማማል። በመጀመሪያ ዳር ዳሩን በብሩሽ፣ ወዲያው በሮለር፤ የመጀመሪያው መስመር ሳይደርቅ ሁለተኛውን እያጋጠሙ። የመጨረሻው እጅ ከመስኮቱ ወደ ክፍሉ ውስጥ፣ ብርሃኑ በሚገባበት አቅጣጫ ቢሄድ የሮለሩ መስመር አይታይም።

ፕራይመር ቀብቼ እድፉ ተመልሶ ወጣ። ጥፋቱ የት ነው?

መቼ እንደተመለሰ ያስታውሱ። ቀለሙ እየደረቀ ሳለ፣ በሰዓታት ወይም በማግስቱ፣ በዚያው ቅርጽ ከወጣ አዲስ ውሃ የለም፤ አሮጌው እድፍ ነው ያለፈው። ፕራይመሩ ሳስቷል፣ ሳይደርቅ ቀለም ተደርቦበታል፣ ወይም ዓይነቱ ለእድፉ አልበረታም። ቀለሙን መፋቅ አያስፈልግም፤ በደንብ ካደረቁት በኋላ በቀለሙ ላይ ሼላክ ወይም የዘይት ፕራይመር ቀብተው እንደገና ቀለም ይደርቡ።

እንደ ቀለበት ዳር ዳሩ ብቻ ከወጣ ፕራይመሩ ጠርዙን አልሸፈነም፤ ሰፋ አድርገው ይድገሙት። ከሳምንታት በኋላ፣ ከዝናብ ማግስት፣ ወይም አዲስ ቅርጽ ይዞ ከመጣ ግን ወደ ጣሪያውና ወደ ቧንቧው ይመለሱ። በዚህ ጊዜ የትኛውም ጣሳ አይረዳም።

እድፉ ላይ ጥቁር ነጠብጣብ አለ። ሻጋታ ነው?

ቡናማና ልሙጥ ከሆነ እድፍ ነው፤ ጥቁር ወይም አረንጓዴ፣ ጸጉራም ወይም ነጠብጣብ ሆኖ የሚሸት ከሆነ ሻጋታ ነው። በፕራይመር ስር የታፈነ ሻጋታ እርጥበት ሲያገኝ ያድጋል፤ ስለዚህ አስቀድሞ ይጸዳል። የአፍና አፍንጫ መሸፈኛና ጓንት አድርገው፣ ሳያረጥቡ አይፋቁት፤ ደረቁን ሲፋቅ ዘሩ በክፍሉ ሁሉ ይበናል። ቦርዱ ውስጥ ድረስ ከዘለቀ ተቆርጦ ይጣላል።

ኮርኒሱ የኮንክሪት ሶሌታ ነው፤ ነጭ ዱቄት የመሰለ ነገርም አውጥቷል። ያው ፕራይመር ይሠራል?

በቀጥታ አይሠራም። ዱቄቱ ውሃው ከሲሚንቶው አሟሙቶ ያወጣው ጨው ነው። መኖሩ በራሱ ውሃ እየተመላለሰ መሆኑን ይናገራል። በውሃ አያጥቡት፤ ጨው በውሃ ይሟሟና ተመልሶ ወደ ውስጥ ይገባል፣ ሲደርቅ እንደገና ይወጣል። በደረቅ ጠንካራ ብሩሽ ጠርገው ይጣሉት፤ ሳምንት ሁለት ሳምንት ቆይተው ይዩት። ዱቄቱ ከተመለሰ ከላይ ያለው የውሃ መከላከያ አልተጠገነም።

ሌላው ወጥመድ የዘይት ፕራይመር ነው። አዲስ ወይም እርጥበት ያለው ኮንክሪትና ልስን አልካላይነቱ (የአሲድ ተቃራኒ የሆነው ባሕርዩ) ከፍተኛ ነው፤ አልካሊና እርጥበት ሲገናኙ የዘይቱን ሽፋን ወደ ሳሙና ይለውጡታል። ሽፋኑ ይለሰልሳል፣ ያጣብቃል፣ ይላጣል። እዚህ አልካሊ የሚቋቋም ፕራይመር ይቀደማል፤ ቡናማ እድፍ ካለ ሶሌታው ሙሉ በሙሉ ከደረቀ በኋላ በቦታው ላይ ብቻ እድፍ የሚያግደው ይደረባል።

መቀባቱን ትቼ ኮርኒሱን መቀየር ያለብኝ መቼ ነው?

በአውራ ጣት ይጫኑት። ጂፕሰሙ ከጎደጎደ ወይም ከተፈረፈረ ጥንካሬው አልቋል፤ ሲደርቅም አይመለስም። ቺፑድ ከሆነ ያበጠው አይተኛም፤ ሰሌዳውን መቀየር ነው። መሃሉ ወደ ታች የወረደ ቦርድም የተያዘበት ብሎን ስለሚላቀቅ አደጋ ነው። ለጥገና ሲቆረጥ ከእድፉ አልፎ እስከሚቀጥለው የእንጨት ወይም የብረት መያዣ ድረስ ይሂድ፤ አዲሱ ቁራጭ የሚታሰርበት ያስፈልገዋል።

ኮርኒሱ እንደ ከረጢት አብጦ ውሃ ከቋጠረ ከስሩ አይቁሙ። ብሬከሩን አጥፉ፣ ባልዲ ከስሩ አስቀምጡና ከጎን ሆናችሁ በረጅም ነገር ጫፍ ትንሽ ቀዳዳ ብሱ። ውሃው በአንድ ቦታ ከወረደ ሰሌዳው በሙሉ ከመውደቅ ሊተርፍ ይችላል።